ከሐዳየቅ እስከ ዓባይ ዳር፤ ካይሮን በእግር

ብዙዎቻችሁ ያለቻችሁን አንዲት የዕረፍት ቀን ሰውታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካይሮን በሜትሮ፣ በማይክሮባስና በቱክቱክ የማያውቃት የለም። በእግሩ የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። ስለ ስደት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ወይም ስለ ሕዳሴ ግድብ እናገር ይሆናል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ስለ እነዚህ ጉዳዮች የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ የማወራችሁ ከቤቴ ወጥቼ ዘወትር ስለምሄድበት፣ እናንተም ነገ ጠዋት ልትሄዱበት ስለምትችሉት መንገድ ነው። ይህ ከተማ ለሐበሻ እግር አዲስ አይደለም። ከእኛ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ወገኖቻችን ተመላልሰውበታል፣ ተምረውበታል፣ ጸልየውበታል፣ ተሸጠውበታልም። እኛ ግን አንገታችንን ደፍተን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ እንመላለሳለን። ይህን ልለውጠው እፈልጋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከሐዳየቅ አል ማዓዲ የሜትሮ ጣቢያ እንነሣ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሁን፣ ቀኑም አርብ። አርብ ጠዋት ካይሮ የምታሸልብበት ጊዜ ነው፤ ጡሩምባው ገና አልተነሣም፣ ፀሐዩም አልበረታም። የሕንፃው በዋብ፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ ከበሩ ጎን ካለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። አብዛኞቹ በዋቦች ከላይኛው ግብጽ፣ ከአስዋንና ከኑብያ አገር የመጡ ናቸው፤ እነሱም እንደኛ አገራቸውን ትተው ከተማ የገቡ ናቸውና ሰላምታችንን ከሌላው ሰው ቀድመው ይመልሳሉ። ትንሽ አለፍ ስንል የፉል ጋሪው ቆሟል። ባቄላው አንገቷ ጠበብ ባለች ትልቅ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ አድሯል፤ ሻጩ በረዥም እጀታ ጭልፋ ያወጣና ዘይት፣ ከሙንና ሎሚ ያደርግበታል። ሰዉ ቆሞ በባለዲ ዳቦ ይበላል። ዳቦውን የሚያመጣው ልጅ የእንጨት ርብራቡን በራሱ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ብስክሌቱን እየነዳ በመኪናዎች መሀል ይሾልካል። ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት አንዲት እናት ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች፤ ባለ ሱቁ ዳቦና ወተት ያስቀምጥላትና ገመዱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ሴትየዋም ትስበዋለች። ብሩ አስቀድሞ በቅርጫቱ ውስጥ ነበር። ሰው ሰውን በዓይኑ ስለሚያውቅ ይህ ሁሉ ያለ ንግግር ያልቃል።

ከእግረኛው መንገድ ጥግ ከገጠር የመጡ ሴቶች መሬት ላይ ጆንያ አንጥፈው ገርጊር፣ ሙሉኺያና ድንብላል ደርድረዋል። ይህን ያየ ማንኛውም የእኛ ሰው ጉልት ነው ይላል፤ በእርግጥም ጉልት ነው። ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ አንዷን እስር ከሸጠችልሽ በኋላ አንዲት ጭብጥ ትመርቅልሻለች። ምርቃት እዚህም አለ።

አሁን ደስ የማይለውን ላንሣ፤ ካልተናገርኩት የምናገረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። እህቶቼ፣ በዚህ መንገድ ላይ ስትሄዱ የምትሰሙትን አውቃለሁ። «ያ ሰምራ» ብሎ ከመጣራት አልፎ ከዚያ የከፋውን የሚናገር፣ ሲብስም የሚከተል፣ የሚነካ አለ። ቀላል ነገር ነው፣ ቻሉት አልልም። የምለው ለረጅም ጊዜ ያየሁትን ነው። በሕዝብ ሰፈር መንገዱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የፉል ሻጩ፣ በዋቡ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውና የጉልቷ እናት ናቸው። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ እየሄዳችሁ በየጠዋቱ «ሰባሕ አል ኼር» ስትሏቸው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሰፈር ሴት ልጅ ትሆናላችሁ። ከዚያ ወዲያ ጎረምሳው አፉን ሲከፍት ቀድሞ የሚቆጣው በዋቡ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን ተደብቆ በሄደ ሰው ላይ ከሚደርሰው ይልቅ በስሙ ወይም በፊቱ በታወቀ ሰው ላይ የሚደርሰው ያነሰ ሆኖ አይቻለሁ።

ስለ ግድቡም ይጠይቋችኋል። የአትክልት ነጋዴው ቲማቲም እየመዘነ «ውሃችንን ልትዘጉብን ነው ወይ» ይላል። እኔ አልሸሸውም። ውሃው ከእኛ ተራራ ተነሥቶ ከእነሱ ማሳ እንደሚደርስ፣ የእኛም እናቶች መብራት እንደሚሹ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይስማማል፣ አንዳንዱ ይከራከራል፤ ቲማቲሙን ግን ሁሉም ይመዝናል። ይህን ንግግር በቴሌቪዥን ሳይሆን በሚዛን ፊት ለፊት መነጋገራችን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሐዲዱን ይዘን ወደ ደቡብ እንሂድ። ይህ የሜትሮ አንደኛ መስመር በ1987 ሲከፈት በአፍሪካ የመጀመሪያው ሜትሮ ነበር፤ መንገዱ ግን የድሮውን የሔልዋን ባቡር ተከትሎ የተሠራ ነው። አሁን የምንገባባት የማዓዲ ከተማም የተወለደችው ከዚያ ባቡር ነው። በ1904 ዴልታ የተባለ የመሬት ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከኋላው ሱዋሬስ፣ ሞሴሪና ቃጣዊን የመሰሉ የካይሮ አይሁድ የባንክ ቤተሰቦች ነበሩ። በሐዲዱና በወንዙ አካባቢ የነበረውን እርሻ ገዝተው፣ አደምስ የተባለ የካናዳ ተወላጅ ጡረተኛ መኮንን ጎዳናዎቹን ቀየሰላቸው። መሬት የገዛ ሰው ሁሉ ደንብ ይፈርም ነበር፤ ቤቱ ከመሬቱ ከፊሉን ብቻ እንዲይዝ፣ ከፍታው እንዲወሰን፣ የቀረው አትክልት እንዲሆን። ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ምኩራብ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በእግር በሚደረስበት ርቀት ተሠሩባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኒው ዚላንድ ጦር ሰፈሩን ከከተማዋ ጥግ ባለው በረሃ ላይ ተከለ፤ ወታደሮቹም በዚሁ ባቡር ካይሮ ይወርዱ ነበር። ኩባንያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተወረሰ፤ ደንቡ ላላ፤ ቪላዎቹ እየፈረሱ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃዎች ተተኩባቸው።

ዛፎቹ ግን ቀርተዋል። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ሂዱና እዩ። መጀመሪያ ጃካራንዳው ሐምራዊ ሆኖ ይፈነዳል፤ አስፋልቱ ሳይቀር ቀለም ይለብሳል። እሱ ሲረግፍ ያ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ቀዩ ይተካል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ማዓዲ ውስጥ ከዚያ ዛፍ ሥር ሲቆም ምን እንደሚሰማው እሱ ራሱ ይንገራችሁ። ዛፉ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው፤ ለድሬዳዋም ለካይሮም መጤ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች ግን የራሳቸው አድርገውታል። ይህን ያህል የምቆየው ስለ አንድ ነገር ነው። ጥላ ያለው መንገድ ሰውን ያራምዳል። ያ የኩባንያው ደንብ ለሀብታሞች የተጻፈ ነበር፤ ዛሬ ግን ከጥላው ሥር የምትሄደው የምታሳድገውን የሰው ልጅ በጋሪ የምትገፋ የእኛ እህት ናት። ፒያሳና ካዛንቺስ በ2024 ሲፈርሱ ያየ ሰው፣ አንድ ከተማ ቤቱን ቢያጣ እንኳ ዛፉን ማቆየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባዋል።

ዘጠነኛ መንገድን፣ እነሱ «ሻሪዕ ቲስዓ» የሚሉትን፣ ቡና ቤቶቹንና የአበባ ሱቆቹን በፍጥነት እናልፋለን። ዋጋው ለእኛ አይደለም። ሐዲዱን ተሻግረን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንዙ እንውረድ።

ከወንዙ ዳር የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። በግብጻውያን ትውፊት ቅድስት ቤተሰብ ወደ ላይኛው ግብጽ ለመሄድ ጀልባ የተሳፈሩት ከዚህ ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። በመጋቢት 1976 ከዚሁ ዳርቻ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ መጽሐፍ ቅዱስ ተገኘ፤ የተገለጠው ገጽ በኢሳይያስ 19 ግብጽ የምትባረክበት ቃል ያለበት ነበር ይላሉ፤ መጽሐፉም በዚያው ይታያል። እኛ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የምንጾመው የጽጌ ጾም የዚሁ የስደት መታሰቢያ ነው። በልጅነታችን በማኅሌተ ጽጌ ሌሊት የሰማነው ስደት፣ የት እንደሆነ ሳናውቅ ያለቀስንለት መንገድ፣ ከሐዳየቅ ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት ነው። ግንቦት 24 ቀን ግብጻውያን የቅድስት ቤተሰብን መግባት ያከብራሉ። ያን ቀን ከዚያ ደረጃ ላይ ነጠላ የለበሰች ሐበሻ ብትቆም እንግዳ ናት የሚላት የለም።

ወንዙ ዳር ስንቆም ዓባይን አየን እንላለን፤ ውሃውን ማለታችን ነው። ከአስዋን የሚደርሰው ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን ከኋላችን ያለውን ግድግዳ ነው። ከፍተኛው የአስዋን ግድብ በ1970 እስኪጠናቀቅ ድረስ የጎርፉ ውሃ በየዓመቱ ደለል ይዞ ይወርድ ነበር፤ የደለሉም እጅግ የሚበልጠው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከስሜንና ከትግራይ ተራራ በዓባይና በተከዜ የታጠበ አፈር ነው። የካይሮ ጡብ ሠሪዎች ከዚያ ደለል ጭቃ አቡክተው ቀይ ጡብ ያቃጥሉ ነበር። የእርሻ አፈር እንዳያልቅ በ1980ዎቹ በሕግ እስኪከለከል ድረስ ሥራው ቀጥሏል። ስለዚህ አሮጌ የጡብ ቤት ባያችሁ ቁጥር እጃችሁን ዘርጉና ንኩት። እኛ በአውሮፕላን ወይም በበረሃ መጥተን «የማናችሁ» ስንባል፣ አፈራችን ያለ ፓስፖርት ገብቶ ቤት ሆኖላቸዋል። ይህን ስል በቁጭት አይደለም። የአንድ ገበሬ ማሳ ሲታጠብ የሌላው ማሳ እንደሚለማ፣ የአንዱ ክረምት የሌላው መኸር እንደሆነ በዓይን የሚታይበት ቦታ ይህ በመሆኑ ነው።

ጥንት ይህን ከኛ በላይ ያውቁት ነበር። ከማዓዲ ወደ ሰሜን በሮዳ ደሴት ጫፍ በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ አለ፤ በጉድጓዱ መሀል ክንድ በክንድ የተቀረጸ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ውሃው 16 ክንድ ያህል ሲደርስ ዓመቱ የጥጋብ ነበር፤ ግብሩም በዚያው ይወሰን ነበር። በሐምሌና በነሐሴ በጎጃም የዘነበው ዝናብ የካይሮን ግብር ይወስን ነበር ማለት ነው። የዘመን መለወጫውም አንድ ነው፤ ቅብጦች ቱት ብለው የሚጀምሩት ዓመት ከመስከረም 1 ቀን ጋር ይገጥማል።

ከዚህ በኋላ ሜትሮ እንሳፈራለን፤ የቀረው መንገድ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነውና። ሳዳት ወርደን ወደ ሁለተኛው መስመር ተሻግረን ዓታባ እንወጣለን። በሙስኪ የጨርቅና የዕቃ ገበያ ውስጥ ተጋፍተን፣ ወደ ግራ ስንታጠፍ ጠባብ ቅያስ እናገኛለን። ሐረት ዙወይላ ትባላለች። አስተውላችሁ ካልፈለጋችኋት ታልፋችኋለች። በቅያሷ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በደረጃ ወርዶ ነው፤ ከተማው በዘመናት ብዛት ከፍ እያለ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኗ ባለችበት ቀርታለች። ዛሬም ከጎኗ የሴቶች ገዳማት አሉ።

የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ከ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1660 አካባቢ መንበራቸው እዚህ ነበር። ይህ ማለት የእኛ ነገሥታት ጳጳስ ይላክልን ብለው የጻፉት ደብዳቤ፣ ያሰናዱት ወርቅና ስጦታ በዚህ ቅያስ በኩል አልፏል ማለት ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱና የሚመለሱ የኢትዮጵያ መነኮሳት በዚሁ ሰፈር ያርፉ ነበር፤ የራሳቸውም ማረፊያ ነበራቸው። ከአገራቸው ተነሥተው በሱዳን በረሃ ወይም በቀይ ባሕር አቋርጠው፣ ጫማቸው አልቆ፣ ከእነሱ መሀል የታመመውን ተሸክመው እዚህ የደረሱትን አስቧቸው። ዛሬ ከእናንተ መካከል በዚያው በረሃ የመጣ አለ። ያን ሰው አደራ የምለው ሐረት ዙወይላን እንዲያይ ነው።

ከዚሁ ከተማ የሄደ ወሬ አገራችንን የለወጠበትም ጊዜ አለ። በ1438 በሰሜን ግብጽ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ። ፓትርያርኩ ለዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጻፉላቸው። ንጉሡ አልቅሰው በተጉለት በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1443ም ለካይሮው ሱልጣን ለጀቅመቅ ስለ ክርስቲያኖቹ ደኅንነት ደብዳቤ ላኩ። ግንቦት 21 ቀን ስናከብር የምናነሣት ደብረ ምጥማቅ ያቺ ናት። የእኛን ጳጳሳት ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ የቀባው መንበር እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የግብጹ ነበር፤ አቡነ ባስልዮስ በ1951 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆነው የተሾሙት፣ ሰኔ 1959 ደግሞ ፓትርያርክ የሆኑት ካይሮ ውስጥ ነው። በሰኔ 1968 በዓባሲያ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከገማል ዓብደል ናስር ጎን ነበሩ።

ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ታሪኩ የእነ እገሌ ብቻ ነው እንዳትሉ፤ ጥቂት መንገድ ስንሄድ አዝሃር እንደርሳለን። በአዝሃር ውስጥ ተማሪዎች በየአገራቸው የሚያድሩበት ሪዋቅ ነበረ፤ ከነዚያ አንዱ የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነው። ከዘይላና ከኢፋት አካባቢ ለትምህርት የመጡ ልጆች እዚያ ይበሉ፣ ይተኙ፣ ይማሩ ነበር። የአንዱ ስደተኛ ተማሪ የልጅ ልጅ ልጆች በየትውልዱ የሪዋቁ አለቃ ሆኑ። ከእነሱ ዓብዱራህማን አል ጀበርቲ በ1753 ካይሮ ተወለደ። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብጽ ሲገባ፣ ፈረንሳዮቹ ሲወጡ፣ ሙሐመድ ዓሊ ሥልጣን ሲይዝ አይቶ የጻፈው እሱ ነው፤ የዚያን ዘመን ግብጽ ታሪክ ያለ ጀበርቲ መጽሐፍ የሚጽፍ ሊቅ የለም። የግብጽ ትልቁ የታሪክ ጸሐፊ ስሙን ከእኛ ወገን ይዞ ይጠራል። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት «ከየት ነህ» ሲባሉ ይህን ስም ይወቁት።

ከአዝሃር ማዶ ኻን አል ኸሊሊ አጠገብ ግን ሌላ ቦታ አለ። ወካላት አል ጀላባ ይባል ነበር፤ የባሪያ ገበያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአገራችን የተነጠቁ ልጃገረዶች እዚያ ይሸጡ ነበር፤ በግብጽ ቤቶች ምግብ ያበሰሉ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ልጅ የወለዱ ብዙ ናቸው። ንግዱ በ1877 ስምምነት ተከልክሎ ቀስ በቀስ ጠፋ። የአብዛኞቹን ስም የጻፈ የለም። እኔ እዚያ ስደርስ ቆሜ አልፋለሁ። እናንተ በደመወዝ የምትዋዋሉ፣ የምትለቁ፣ እንቢ የምትሉ ሠራተኞች ናችሁ፤ ደመወዝ የሚከለክል፣ ፓስፖርት የሚይዝ አሠሪ ሲገጥማችሁ ግን እነዚያን ልጆች አስታውሱና ዝም አትበሉ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው ለዚያም ጭምር ነው።

እንግዲህ ቀጠሮ ልያዝ። በመጪው አርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በሐዳየቅ ጣቢያ በር ላይ እቆማለሁ። ቀለል ያለ ጫማ አድርጉ፣ መታወቂያችሁን ያዙ፤ ነጠላ ያላችሁ ልበሱ። ልጅ ያላችሁ ልጆቻችሁን አምጡ። ግብጻውያን አርብ ጠዋት ይቀድሳሉና ሐረት ዙወይላ ስንደርስ ጸሎት ላይ እናገኛቸዋለን፤ ከዚያ በእግር አዝሃር እንሄዳለን፣ ሙስሊሞቻችን ጁምዓ ሳያልፋቸው ይደርሳሉ። ሌሎቻችን በውጭ ሻይ እየጠጣን እንጠብቃቸዋለን። አርብ የማይፈቀድላችሁ ደግሞ በሩ አጠገብ ለተቀመጠችው እህት ቀናችሁን ንገሯት፤ የእሑድ ጉዞም እናዘጋጃለን።